እሳት የላሰች

«እሳት የላሰች ናት» ይላሉ ሲያደንቋት፣
እኔ ነኝ የማውቀው ሌሊት ሲያቃጥላት።

ረምላ ትባላለች፤ አባቷ ነው ያወጣው።
በዚህ አገር ቋንቋ አሸዋ ማለት ነው፣
እፍኝ ሲጨብጡት በጣት መሀል የሚወጣው።

ሰባት ዓመቷ ነው።
ሮላ ሰፈር፣ ሻርጃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ
የሊፍቱ ሞተር ሲያቃስት ሕመሙን ታውቃለች፣
የመኪናውን ታርጋ ለሦስት ታካፍላለች፣
ከበቃላው ሰውዬ ማላያላም ለቅማ
ሂሳብ ሲሳሳት በገዛ ቋንቋው ታርመዋለች።

ካልሲ ግን አትለብስም።
ስፌቱ ጣቷ ላይ እንደ እሾህ ይወጋታል፤
በር ላይ ስንታገል
የተማሪው አውቶቡስ ጥሎን ይሄዳል።

ሦስተኛ ትምህርት ቤቷ ነው።
ከመጀመሪያው «ነከሰች» ብለው፣
ከሁለተኛው ወንበር ወርውራ፣
መምህሯ «ቆይ፣ ሌሎቹ ይድረሱ» ስላለቻት።
አሁን ያለችበት ዳይሬክተሯ
ሻይ አስቀርባልኝ፣ ፋይሉን በጣቷ እያሻሸች፣
«ልጅሽ ከአስተማሪዋ ትበልጣለች» አለች፤
ደስ ሊለኝ ስል
«ስለዚህ አንችልም» ብላ ጨረሰች።

ዘመድ መካሪ ነው፦ «ወደ አገር ስደጃት፣
አያቷ ሐርቡ አሉ፣ እሳቸው ይቅጧት።»
አባቷ ከመርከብ ላይ፣ ኔትወርኩ እየቆረጠው፣
«ዱዓ አድርጊ» ይላል፤
ዱዓውንም አደርጋለሁ፤ ሱጁድ ላይ እንቅልፍ እየጣለኝ።
ሌሊቱን ላውንደሪ ነኝ። የሰው ቀሚስ ስተኩስ ያነጋል።
የባሰውን ሽብሽብ አቃናለሁ፤
ልጅ ግን በካውያ አይቀናም።

እጄም አርፎባታል። አልዋሽም።
ሁለቴ።
ሁለተኛው ጊዜ አላለቀሰችም፤
«በግራሽ ስትመቺ ይቀላል» አለችኝ፣
እንደሚመክር ሰው።

በነሐሴ፣ ጀንበር አስፋልቱን ሲያቀልጠው፣
ከቀኑ ስምንት ሰዓት የእሳቱ ደወል ጮኸ።
የአሥራ አራት ፎቅ ሰው ደረጃውን ሞላው፦
ፓስፖርት ያነቀ፣ ሕፃን ያንጠለጠለ፣
ሳሙናው ከፊቱ ሳይለቅ የወረደ፣
ድመቷን በትራስ ልብስ የቋጠረች ግብጻዊት።

እሳት የለም።
ከሁሉ ኋላ፣ ጉልበቴ እየተብረከረከ ስወርድ
ረምላ ከቆመ መኪና ጥላ ሥር
ስልኬን ይዛ ሰዓት ትቆጥራለች፣
ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።
ዘበኛው ባቡ «ይቺ ናት!» አለ።
በስድስት ቋንቋ ተሰደብኩ፤ አራቱ ገባኝ።
እሷ ደብተሩን ወደ ሰዉ ዘርግታ፦
«ስድስት መቶ ሦስት ያሉት ሽማግሌ
አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባቸው።
እውነት ቢሆን ሞተው ነበር።»

ዝም አሉ።
ሽማግሌው ብቻ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣
የፈተና ውጤቱን እንዳየ ተማሪ
መሬት መሬት አዩ።

ቅጣቱ ሁለት ሺህ ድርሃም፤ የሁለት ወር ካውያ።

ማታ፣ ኤሲው ባልዲው ላይ ጠብ ጠብ ሲል፣ ከጨለማው፦
«እማ።»
«ወይ።»
«ያንቺ ቁጥር ተበላሽቶብኛል።
ሃያ ሁለት ደቂቃ ይላል፤ እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነን።
ከሽማግሌውም ብሰሻል። እግርሽን ያምሻል?»
«አያመኝም።»
«ታዲያ ሰው ሁሉ ሲወርድ የት ነበርሽ?»
«ሽቅብ። ፎቅ በፎቅ፣ እስከ ጣራው።
አንቺን ፍለጋ።»

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ጫረና ቆመ።
ለዚህ የሚሆን ረድፍ አላሰመረችም ነበር።

ቆይታ፦ «ስንት ደረጃ ነው?»
«እኔ እንጃ፣ አልቆጠርኩም።»
«መቶ ሰማንያ ሰባት» አለች፣
ቀስ ብላ፣ የሰው ስም እንደምትጠራ።

ጠዋት
ካልሲውን አልለበሰችም።